ማደንዘዣውን የጠየቀው ሰው፦ የዊልሄልም ፌልድበርግ ሕይወት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው የተመራቂዎች መገናኛ እትም በሕክምና ታሪክ ስሙ ስለሚነሳ አንድ ሰው ጻፊልን ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የመጡልኝ ሁላችንም የምናውቃቸው ስሞች ነበሩ፤ ሃርቬይ፣ ፓስተር፣ ኩሺንግ። ስለነሱ ግን ብዙ ተጽፏል፣ ከኔ የተሻለ የሚጽፉም በመካከላችሁ አሉ። ስለዚህ ዊልሄልም ፌልድበርግን መረጥኩ። ፊዚዮሎጂና ፋርማኮሎጂ የተማራችሁ ስሙን የምታውቁት ከአሴቲልኮሊን ጋር ይሆናል፤ ሰውየውን ዝነኛ ያደረገውም እሱ ነው። እኔ ግን በይበልጥ ላወራችሁ የምፈልገው ሰባ ዓመት ከሞላው በኋላ ስላሳተመው ነገር ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል የቆመ ሐኪም ሁሉ፣ ታካሚው ሲተኛ የደም ግፊቱ ለምን እንደሚወርድ አንድ ቀን ራሱን ጠይቆ ያውቃል። ፌልድበርግ ይህንኑ ጥያቄ ድመት ላይ ጠየቀ፤ መልሱን እየተከተለ ሲሄድም አንጎል የደም ግፊትን ከየት ሆኖ እንደሚይዘው ደረሰበት። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፌልድበርግ ኖቬምበር 19 ቀን 1900 ጀርመን፣ ሃምቡርግ ከተማ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሕክምና አጥንቶ በ1925 በርሊን ላይ ዶክተር ሆነ። በዚያው ዓመት አግብቶ ከሚስቱ ከካተሪን ጋር ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካምብሪጅ አቀና። የፈለገው ላንግሊን ነበር፤ ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠሩትን ነርቮች ዛሬ በምንጠራበት ስም የሰየመው ያ ትልቅ ፊዚዮሎጂስት ማለቴ ነው። ላንግሊ ግን በዚያው ዓመት ሞተ። ፌልድበርግ ጥቂት ጊዜ ካምብሪጅ ቆይቶ ለንደን፣ ሃምፕስቴድ ወደሚገኘው የሄንሪ ዴል ቤተ ሙከራ ገባ። ከዴል ጋር መተዋወቁ በኋላ ሕይወቱን እንደሚያተርፍለት ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

በ1927 በርሊን ተመልሶ በዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የያዘው ሂስታሚንን ነው፤ ከሥራ ባልደረባው ከሺልፍ ጋር በ1930 ወፍራም መጽሐፍ አሳትሞበታል። ቀጥሎ ወደ አሴቲልኮሊን ዞረ። የዘመኑ ችግር ነርቮች ይረጩታል የሚባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ትንሽ መሆኑ፣ የሚወጣውም ወዲያው በኢንዛይም መፍረሱ ነበር። ሊለካ የሚችል ሰው አልተገኘም። ፌልድበርግና ሚንዝ መፍትሔውን ያገኙት ከአልቅት ነው። የአልቅትን የጀርባ ጡንቻ ቆርጠው ፈሳሽ ውስጥ ያንጠለጥሉታል፤ ኢንዛይሙን የሚያግደውን ኤሰሪን ይጨምሩበታል፤ ያ ቁራጭ ሥጋ ያኔ ማንም ኬሚስት ሊያየው የማይችለውን ቅንጣት አሴቲልኮሊን ሲያገኝ ይኮማተራል። እናቶቻችን ደም ለማስመጠጥ የሚያውቁት አልቅት፣ በርሊን ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ 1933 መጣ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ በኤፕሪል ወር አይሁዶችን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሕግ ታወጀ። ፌልድበርግ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የኢንስቲትዩቱ ዳይሬክተር ጠርቶ አይሁዳዊ ስለሆነ እስከ እኩለ ቀን ግቢውን ለቆ እንዲወጣ ነገረው። ፌልድበርግም ሙከራ መሃል ላይ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ዳይሬክተሩ ትንሽ አስቦ እስከ እኩለ ሌሊት ፈቀደለት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ሰውየው ከሥራ መባረሩን ሲሰማ የመጀመሪያ ጭንቀቱ የጀመረው ሙከራ መሆኑ ነው። በጎ ነገር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለናንተ ልተወው፤ ወደኋላ ግን ይህን ጠባዩን አስታውሱልኝ።

ሥራ የለም፣ ልጆች አሉ፣ አገሩ ጠላት ሆኗል። ያን ጊዜ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ተወካይ በርሊን ውስጥ ነበር። ፌልድበርግ ሄዶ አነጋገረው። ተወካዩ በትሕትና አዝኖለት፣ የተባረሩት ስመ ጥር ሳይንቲስቶች እጅግ ብዙ ስለሆኑ እንደሱ ላለ ወጣት ተስፋ መስጠት እንደማይችል ነገረው። ስሙን ግን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አለው። ማስታወሻውን አገላብጦ የዴልን መልእክት አገኘ፤ ፌልድበርግ የሚባል ሰው ካገኘህና ከሥራው ተባርሮ ከሆነ ወደኔ እንዲመጣ ንገረው የሚል ነበር። በጁላይ 1933 ፌልድበርግ ከነቤተሰቡ ጀርመንን ለቆ ወጣ። ከሻንጣው ጋር የሄደው ትልቁ ሀብት የአልቅቷ ዘዴ ነበር።

ከ1933 እስከ 1936 ሃምፕስቴድ ውስጥ የሠራው ሥራ ለሌላ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ይበቃል። ከዴል፣ ከጋደም፣ እንደሱው ከበርሊን ከመጣችው ከማርተ ፎግት ጋር ሆኖ፣ አሴቲልኮሊን በሲምፓቴቲክ ጋንግሊያ፣ በሆድ፣ በላብ ዕጢና በእግርና በእጅ ጡንቻዎች ነርቭ ጫፍ ላይ እንደሚረጭ በተከታታይ አሳየ። በ1936 ዴልና ኦቶ ሎዊ የኖቤል ሽልማቱን ተካፈሉ። የፌልድበርግ ስም በሽልማቱ ውስጥ አልነበረም፤ አልቅቷ ባትኖር ግን ሽልማቱ በዚያን ዓመት አይደርስም ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አንዷ ነኝ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ላይ ብዙ አልቆይም። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ሁለት ዓመት ከኬለዌይ ጋር የእባብ መርዝ አጠና፤ ዛሬ በአስም ሕክምና የምናውቃቸውን ሉኮትራይኖች የመጀመሪያ ዱካ ያገኙት ያኔ ነው። ከ1938 ጀምሮ ካምብሪጅ አስተማረ፣ በ1947 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፣ በ1949 ሚል ሂል ወደነበረው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት የፊዚዮሎጂና የፋርማኮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሄደ።

ወደ ዋናው ጉዳይ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ሚል ሂል ሲደርስ ፌልድበርግ ከነርቭ ጫፎች ወደ አንጎል ዞሮ ነበር። ከሼርዉድ ጋር ሆኖ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የድመት ጭንቅላት ላይ በቋሚነት የሚተከል ቀጭን ቱቦ ሠሩ። ቱቦው የአንጎል ፈሳሽ ወዳለበት ክፍተት ይደርሳል። ድመቷ ከኦፕራሲዮኑ ነቅታ፣ በልታ፣ ተጫውታ ሳለች መድኃኒት በቱቦው ይሰጣታል። ይህን ያህል የተደከመበት ምክንያት ማደንዘዣ ነው። እንስሳን ሳያደነዝዙ አንጎሉን መክፈት አይቻልም፤ ካደነዘዙት ደግሞ የሚለኩት የደነዘዘ አንጎል ነው። ለዚህ ጣጣ ዘላቂ መፍትሔ ያገኘ እስከ ዛሬ የለም። ሼሪንግተን የሚባለው እንግሊዛዊ የላይኛውን አንጎል ከታችኛው ቆርጦ በመለየት ማደንዘዣውን ሊያስወግድ ሞክሮ ነበር፤ ያ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፣ የቀረው እንስሳ ሙሉ እንስሳ አይደለምና።

ከሕክምና ውጭ ለሆናችሁ የትምህርት ቤታችን ልጆች ነገሩን ላስረዳ። የደም ግፊታችንን ከደቂቃ ደቂቃ የሚጠብቀው አንጎል ነው። አንገታችን ላይ፣ ካሮቲድ የሚባለው ደም ወሳጅ ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ እንዲሁም ከልብ በሚወጣው ትልቅ ቧንቧ ቅስት ላይ ግፊቱ ቧንቧውን ስንት እንደወጠረው የሚያዳምጡ ነርቮች አሉ። ወሬውን ለግንደ አንጎል ያደርሳሉ። ግንደ አንጎልም ግፊቱ ከበዛ ልብን ያዘገያል፣ ቧንቧዎችን ያላላል፤ ካነሰ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከተኛችሁበት ድንገት ስትነሱ ራሳችሁን ስታችሁ የማትወድቁት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተኛች ድመት ሁለቱም የአንገት ቧንቧዎቿ ለአፍታ ቢታገዱ፣ አንጎሏ ግፊቱ የወደቀ መስሎት የመላ ሰውነቷን ግፊት ሽቅብ ይሰደዋል። ይህ የሚሆነው ግን ማደንዘዣው ከፈቀደ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ፔንቶባርቢታል የተሰጠው እንስሳ ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ለቀዶ ሕክምና ይመቻል፤ ልቡን የሚያዘገየው የቬገስ ነርቭ ግን አብሮ ይታፈናል፣ ሪፍሌክሱ ይደነዝዛል፣ መጠኑ ሲበዛ ከናካቴው ይጠፋል። ሃሎቴንም፣ በኛ አገር ኦፕራሲዮን ክፍሎች ለዓመታት የተነፈስነው ሃሎቴን፣ ያንኑ ሪፍሌክስ ያዳክማል። ኬታሚን በተቃራኒው ሲምፓቴቲኩን ቀስቅሶ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ደም የፈሰሰውን ታካሚ ለማስተኛት ማደንዘዣ የሚሰጡ ባልደረቦቻችን እጃቸውን ወደ ኬታሚን የሚሰዱት ለዚህ ነው። በ1893 ፓሪስ ላይ ሃንሪዮና ሪሼ የሠሩት ክሎራሎዝ ደግሞ ለየት ያለ ጠባይ አለው። እንስሳውን ለረጅም ሰዓት ያስተኛል፣ የደም ግፊት ሪፍሌክሶችን ግን ብዙም አይነካም፤ እንዲያውም የተኛው እንስሳ ጠረጴዛው ሲንኳኳ እስከ መንፈርገጥ ይደርሳል። ለዚህ ነው የደም ዝውውር ፊዚዮሎጂስቶች ከመቶ ዓመት በላይ የሙጥኝ ያሉት። ሕመም ማስታገሱ ያስተማምናል ወይ የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልተዘጋም፤ ለክሎራሎዝ ጥሩ ቃል ብቻ ቢነገርለት ትክክል አይሆንም።

እንግዲህ ሁለት ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ድመት ይዘው፣ አንድ ዓይነት ነርቭ ነክተው፣ በማደንዘዣ ምርጫ ብቻ የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። አብዛኛው ተመራማሪ ይህን እንደ ጭጋግ ነበር የሚያየው፤ በተቻለ መጠን ቀጭኑን ጭጋግ ይመርጥና በውስጡ ያያል። ፌልድበርግ ግን ጭጋጉን ራሱን ማጥናት ጀመረ። ነገሩ የጀመረው ያቺን ቱቦ በሠራበት ዘመን ነው። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በቱቦው ወደ አንጎል ክፍተት ሲሰጥ፣ ነቅታ የነበረችው ድመት ቀላል ማደንዘዣ እንደወሰደች ሆና ተኛች። ማደንዘዣና የአንጎል የራሱ ኬሚካሎች አንድ በር ያንኳኳሉ ማለት ነው? ከዚያም በ1960ዎቹ የደነዘዙ እንስሳት ለምን እንደሚቀዘቅዙ ጠየቀ፤ ከማየርስ ጋር ሆነው የሰውነት ሙቀት በሃይፖታላመስ ውስጥ ባሉ አሚኖች እንደሚመራ የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት በዚህ መንገድ ነው። ቀጥሎ የደም ግፊት ተራ ደረሰ።

ፌልድበርግ ከኃላፊነቱ ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ ቤተ ሙከራው ግን አልተወሰደበትም። ከብራዚል፣ ከሳኦ ፓውሎ የመጣ ፔድሮ ጉርትሰንስታይን የሚባል ወጣት ሐኪም አብሮት ይሠራ ነበር። ጥያቄያቸው የቀለለ ነው፤ ፔንቶባርቢታል የደም ግፊትን የሚያወርደው ልብንና ቧንቧን በቀጥታ ስለሚያደክም ብቻ ነው ወይስ አንጎል ውስጥ የሚሠራበት ቦታ አለ? ይህን ለማወቅ መድኃኒቱን በደም ሥር ሳይሆን በቀጥታ ወደ አንጎል ፈሳሽ ሰጡት፤ መጠኑም በደም ሥር ቢሰጥ ይህን ያህል ለውጥ የማያመጣ ነበር። የድመቷ ግፊት ወረደ። እንግዲህ ቦታ አለ።

የት ነው የሚለው ጥያቄ ነው ያደከማቸው፣ እኔንም ስለዚህ ሥራ ሳነብ ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ። የአንጎል ፈሳሽ እንደ ወንዝ ነው፤ ከላይኞቹ ክፍተቶች ተነስቶ በጠባብ መተላለፊያ ወደ አራተኛው ክፍተት ይወርዳል፣ ከዚያ ወጥቶ አንጎልን ከውጭ ይከባል፣ ከግንደ አንጎል ሥርም ይንቆረቆራል። ከላይ የተጨመረ መድኃኒት በመንገዱ ብዙ ቦታ ይነካል። የዘመኑ መጻሕፍት ማዕከሉን የሚፈልጉት በአራተኛው ክፍተት ወለል፣ ማለትም በግንደ አንጎል የጀርባ በኩል ነበር። እነሱ ግን ወንዙን እየተከተሉ ወርደው ደረት በኩል ወዳለው ገጽ ደረሱ። እዚያ ለመድረስ ድመቷ በጀርባዋ ተኝታ፣ የአንገቷ የፊት በኩል ተከፍቶ፣ መተንፈሻዋና ጉሮሮዋ ገለል ተደርጎ፣ የራስ ቅሏ ወለል አጥንት ተፈልፍሎ መነሳት ነበረበት። በተገለጠው ገጽ ላይ ፐርስፔክስ ከሚባለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ የተሠሩ ትናንሽ ቀለበቶችን አስቀመጡ፤ በቀለበቱ ውስጥ የምትጨመር ጠብታ ወደ ሌላ ቦታ አትፈስም። ከቀለበት ወደ ቀለበት እየተዘዋወሩ ፈተሹ። ባንዱ ቦታ ምንም የለም። በሌላው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ፣ ጠብታዋ እንደነካች ግፊቱ ያሽቆለቁላል።

ያ ጥናት በ1972 በእንግሊዙ የፊዚዮሎጂ ጆርናል ታተመ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ድመቶቹን ለማስተኛት በእጅጉ የተማመኑት ክሎራሎዝን ነው። አንጎል በራሱ ግፊቱን የሚይዝበትን ቦታ ለማግኘት፣ ያንን ይዞታ የማያላላ ማደንዘዣ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የሚወርድ ግፊት ከወዴት ይመጣል? አንዱ ማደንዘዣ አልጋ ሆነ፣ ሌላው መፈተሻ።

ቀጥሎ ጉርትሰንስታይን ሥራውን አጠበበው። በ1974 ከሲልቨር ጋር ሆኖ፣ ግሊሲን የሚባለው የአንጎል አፋኝ ኬሚካል በዚያ ገጽ በግራና በቀኝ ባለች ትንሽ ሥፍራ ላይ ሲጨመር፣ ግፊቱ ሕብለ ሰረሰሩ ከአንጎል የተቆረጠ ያህል እንደሚወድቅ አሳዩ። ሥፍራዋን ሲያቃጥሏትም እንደዚያው ሆነ። ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ የመላ ሰውነት ቧንቧዎችን ወጥሮ የሚይዘው የሲምፓቴቲክ ግፊት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚያች ሥፍራ ነው ማለት ነው። ዛሬ የሕክምና ተማሪዎቻችን የሜዱላ የላይኛው የደረት በኩል ጎን ብለው በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ የሚሸመድዱት እሱኑ ነው። ሲያስገርም፣ ዲትማር የሚባል ጀርመናዊ ላይፕዚግ ውስጥ በካርል ሉድቪግ ቤተ ሙከራ በ1873 ጥንቸሎችን እየቆራረጠ ወደዚያው የደረት ገጽ ጠቁሞ ነበር። መቶ ዓመት ሙሉ ግን አብዛኛው ሰው የፈለገው በጀርባ በኩል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ አልጋ ዳር ወረደ። ቡስኬና ጉርትሰንስታይን በ1973 ክሎኒዲን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት በዚያው የደረት ገጽ በኩል እንደሚሠራ አሳዩ። ክሎኒዲን በኛ አገር ብዙም የተለመደ አይደለም፣ የዘመዱን ስም ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለነፍሰ ጡር እናቶች ዛሬም የምናዘው ሜቲልዶፓ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ በዋነኛነት የሚሠራው ግንደ አንጎል ላይ ነው። ክኒኑን ስጽፍ ስለነዚያ ቀለበቶች አስባለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ ቀኑ ይረዝማል፣ ወረፋው ያስጨንቃል። ሆኖም እናትየዋ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል ስትለኝ መልሱ ከዚሁ አካባቢ የመጣ ነው።

በማደንዘዣው ላይ የተነሳው ጥርጣሬም አልቆመም። በ1992 የብራዚል ተመራማሪዎች፣ ግሉታሜት የሚባለውን ኬሚካል የአንገት ነርቮች ወሬ የሚቀበልበት የግንደ አንጎል ክፍል ውስጥ ነቅተው ላሉ አይጦች ሲሰጡ ግፊቱ ከፍ አለ። ከዚያ በፊት በደነዘዙ አይጦች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ይወርዳል ብለው ነበር። ያው ኬሚካል፣ ያው ቦታ፣ ልዩነቱ እንቅልፍ ብቻ። የምርምር ጽሑፍ የምታነብቡ መምህራን ብትኖሩ፣ ዘዴ የሚለውን ክፍል ስትደርሱ ማደንዘዣው የተጻፈበትን መስመር ዘላችሁ አትለፉት።

ስለ ሰውየው ጠባይ ትንሽ ልጨምር። አጠር ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ሙከራ ሲሳካ እንደ ልጅ የሚፈነድቅ ሰው እንደነበር አብረውት የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ከጃፓን፣ ከህንድ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከመላው አውሮፓ ወጣቶች እየመጡ አብረውት ሠርተዋል። ደስታ ግን ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱ ካተሪን በ1976 ሞተች፣ በኋላ ያገባት ሁለተኛ ሚስቱም በ1981 ሞተች። ወንድ ልጁንም ቀብሯል። ጀርመን በግፍ ላባረረችው የካሣ ገንዘብ ስትከፍለው፣ ገንዘቡን ለራሱ ከማድረግ ይልቅ በጀርመንና በእንግሊዝ ሳይንቲስቶች መካከል ንግግር እንዲቀጥል የሚደግፍ ፋውንዴሽን አቋቋመበት። ፋውንዴሽኑ በየዓመቱ ከሁለቱ አገሮች ለተመረጡ ሳይንቲስቶች ሽልማት ይሰጣል፤ ተሸላሚው ባሕር ተሻግሮ በሌላው አገር ንግግር ያደርጋል። እኩለ ሌሊት ድረስ ብቻ ከፈቀደለት አገር ጋር እንዲህ ያለ ዕርቅ ማድረግ ለብዙዎቻችን የሚከብድ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ደስ አይልም፤ ዘልዬ ማለፍ ደግሞ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ፌልድበርግ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ሚል ሂል ውስጥ ጥንቸሎች ላይ ይሠራ ነበር፤ ያን ጊዜ የያዘው የደም ስኳርን ጉዳይ ነበር። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ሥራውን የሚያደንቁ መስለው ቀረቡት። ሽማግሌው ሰው መጥቶ ስለጠየቀው ደስ ብሎት በሩን ከፈተላቸው። ለወራት እየተመላለሱ በድብቅ ቀረጹት። በ1990 ፊልሙ ወጣ። የተቋቋመው መርማሪ ቡድን ጥንቸሎቹ በአንዳንድ አጋጣሚዎች በቂ ማደንዘዣ እንዳልነበራቸው ደረሰበት። ፌልድበርግ የእንስሳት ሙከራውን አቆመ፣ የስድሳ አምስት ዓመት ሥራው በዚሁ ተቋጨ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አስተያየት ሰምቻለሁ። አንዳንዶች ሽማግሌውን ያታለሉትን ሰዎች ብቻ ይወቅሳሉ። በኔ አስተያየት ማታለላቸው ማታለል ነው፤ ጥንቸሎቹ ላይ የታየው ግን ከዚያ ጋር አይጣፋም። እንግሊዝ በ1986 ያወጣችው ሕግ ሕመምን የሚቆጣጠር ሰው ንቁ ዓይን ይጠይቃል፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው እጅና ዓይን ደግሞ የቀድሞው አይደለም። ልክ ያልሆነው ሰውየው ብቻ ሳይሆን ማንም ቆም ብሎ ይብቃህ ያላለው መሆኑም ጭምር ነው። ትልልቅ ሰዎችን የማክበር ባህል ባለን በኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ለታላቅ መምህር ከእንግዲህ በኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ አትቁም ብሎ መንገር ማን ይደፍራል? በዚህ ላይ በርሊን ውስጥ እንኳ ሙከራዬን ልጨርስ ያለ ሰው ነው።

ዊልሄልም ፌልድበርግ ኦክቶበር 23 ቀን 1993 ለንደን ውስጥ በዘጠና ሁለት ዓመቱ አረፈ። ጉርትሰንስታይን ሳኦ ፓውሎ ተመልሶ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የግንደ አንጎልን የደረት ገጽ ማጥናቱን ቀጥሎ ነበር።